ስለ ተራራ አገር ብስክሌት፤ አመራረጡና ከአሮጌ ዕቃ አገጣጠሙ

በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ኮርቻዋንና ልጓሟን አይቶ ዋጋ አይቈርጥም። ጥርሷን ያያል፤ ሰኰናዋን ያነሣል፤ ዐቀበት ያስወጣታል፤ ይልቁንም ቍልቍለት ስትወርድ እግሯ እንዴት እንደሚጸና ይመለከታል። ብስክሌት የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይቶ ይገዛል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ግድግዳ አስደግፎ ይተወዋል። ስለዚህ በተራራ አገር የሚኖር መምህር ወይም ተማሪ፣ ለዕለት ጉዞው የሚሆነውን ብስክሌት ከአሮጌ ዕቃ መርጦ እንዴት እንደሚገጣጥም ከዚህ በታች ተጽፏል። ነገሩም በሁለት ጥያቄ ይጠቀለላል፤ ይኸውም ይህ ብስክሌት ቍልቍለት ላይ ይቆማልን? ዕቃው የተሰበረ እንደ ሆነስ ምትኩ በቅርብ ገበያ ይገኛልን? የሚሉት ናቸው። ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

የእብናት ወረዳ ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ ደጋም ወይና ደጋም ቈላም ያለበት ወጣ ገባ አገር ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በከተማ ቤት ተከራይተው፣ የሳምንት ስንቃቸውን ከየቤታቸው በጀርባቸው ተሸክመው ይመላለሳሉ። እናት ያዘጋጀችው ድርቆሽ ያለቀበት ልጅ ወይ ተርቦ ይማራል፣ ወይ ትምህርቱን ትቶ ስንቅ ሊያመጣ ይሄዳል። መንገዱን የሚያሳጥር ነገር ለዚህ ልጅ ጌጥ አይደለም። ነገር ግን ፍሬኑ ያልታመነ ብስክሌት ለእርሱ መስጠት፣ ባልተገራች በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወደ ገደል ዳር እንደ መልቀቅ ያለ ነው።

አሮጌ ዕቃ የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚንቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው ከአሮጌ ዕቃ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ ጥቂት ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩትን ወፍራም ጐማ ያላቸውን ከባድ ብስክሌቶች እየፈለጉ፣ የአንዱን ዕቃ ለሌላው እየገጠሙ በተራራ መንገድ ይወርዱባቸው ነበር። በጥቅምት ወር 1969 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1976) ውድድር ጀመሩ፤ ስሙንም ሪፓክ አሉት፤ ትርጓሜውም እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ይህም ስም የወጣው፣ በኋላው መንኰራኵር ማእከል ውስጥ የነበረው ፍሬን በቍልቍለቱ እጅግ ግሎ ግራሶውን እያቃጠለ ስለሚጨርሰው፣ ከውድድሩ በኋላ ፈትተው እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለ ሆነባቸው ነው። ጆ ብሪዝ የሚባለው ሰው ለዚሁ ሥራ የታሰበ አዲስ ብስክሌት የሠራው በፈረንጆች በ1977 ነው፤ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊም በ1979 የንግድ ቤት ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት ከእነዚያ ከተለቃቀሙ ብረቶች የወረደ ነው።

በአገራችን በብስክሌት ብዛት የታወቀችው ባሕር ዳር ናት፤ እርስዋም ከጣና ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። ለሜዳ የሚስማማው፣ ትልልቅ መንኰራኵርና አንድ ማርሽ ብቻ ያለው፣ ፍሬኑም በቀጭን የብረት ዘንግ የሚጐተት ጥቍር ብስክሌት በሥራው ጠንካራና የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ የባሕር ዳር ሰው አመሰገነው ተብሎ ለእብናት ሰው አይመከርም። ምክንያቱም በሒሳብ ሊታይ ይችላል፤ መምህራንም በክፍል ውስጥ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ይጠቅማል።

የሜዳው ብስክሌት ከፊት 48 ጥርስ፣ ከኋላ 20 ጥርስ አለው እንበል። 48 ለ20 ሲካፈል 2.4 ይሆናል፤ ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ ሁለት ጊዜ ከአራት ዐሥረኛ ይዞራል። የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ቢሆን፣ ሰው በአንድ የፔዳል ዙር ከ5 ሜትር በላይ ይገፋል። በሜዳ ይህ መልካም ነው፤ በዐቀበት ግን ራሱንና ስንቁን በአንድ ጊዜ ያን ያህል ርቀት ወደ ላይ ማንሣት ጕልበትን ያደቃል። የተራራው ብስክሌት ደግሞ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ አምስት ወይም ስድስት ወይም ሰባት የተለያዩ ጥርሶች አሉት። ትንሹን የፊት ጥርስ በ24፣ ትልቁን የኋላ ጥርስ በ28 ብንቈጥረው፣ ዙሪያውም 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ቢሆን፣ በአንድ ዙር የሚሄደው 1 ሜትር ከ77 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። ድካሙ አልጠፋም፤ በትንሽ በትንሹ ተከፋፈለ እንጂ። ባለ ዕዳም ዕዳውን ሁሉ በአንድ ቀን ክፈል ከመባል በየወሩ ቢከፍል ይቀለዋል።

እንግዲህ አንድ የእብናት መምህር ከገበያ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ገዝቶ ሊያድሰው ተነሣ እንበል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው አጽሙን ነው፤ አጽም ያልነው ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚታሰርበትን የቱቦ ብረት ነው። ማግኔት አስጠግቶ ቢይዝለት ብረት ነው፤ ባይዝለት አሉሚኒዮም ነው። አሉሚኒዮም ቀላል ነው፤ አይዝግምም፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ እንደ ሆነ በየከተማው የሚገኝ ብየዳ አይጠግነውም። ብረት ይከብዳል፤ ነገር ግን ቢጣመም ይቀናል፤ ቢሰነጠቅ ብልህ በያጅ ይጠግነዋል። ስለዚህ ለገጠር የሚመረጠው ደኅና የብረት አጽም ነው። በየመጋጠሚያው፣ በተለይ ከመሪው በታችና ከፔዳሉ ማእከል አጠገብ፣ ቀለሙ እንደ ፀጕር ቀጥኖ የተሰነጠቀበት መኖሩን በጨርቅ ጠርጎ ማየት ይገባል። ከመሪው በታች ያለው ቱቦ በታች በኩል የተጨማደደ እንደ ሆነ፣ ያ ብስክሌት ፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር ተላትሟልና ይቅር።

አጽሙ የቀና መሆኑን ለማወቅ የሸማኔ ፈትል ይበቃል። ፈትሉን የኋላው መንኰራኵር ከሚታሰርበት ከአንዱ ጐን አስሮ፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙሮ፣ ወደ ሁለተኛው ጐን አምጥቶ ማጥበቅ ነው። ከዚያም ከኮርቻው በታች ካለው ቱቦ እስከ ፈትሉ ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም በማስመሪያ መለካት ነው። ልኩ እኩል ከሆነ አጽሙ ቀጥ ያለ ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አያሳስብም፤ ከዚያ ብዙ ቢያልፍ ግን ብስክሌቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ቁመቱንም በሚመለከት፣ ሰውየው በሁለት እግሩ በአጽሙ ላይ አንፈራጦ ሲቆም፣ ከላይኛው ብረት በላይ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። ቀሚስ ለምትለብስ ተማሪ ደግሞ ይህ የላይኛው ብረት ወደ ታች ያዘነበለ ቢሆን ይሻላል። የኮርቻው ዘንግ ከቱቦው ጋር በዝገት ተጣብቆ አልነቃነቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ሻጩ ራሱ ነቅሎ ያሳይ፤ ካልቻለ ገዢም አይችልምና።

የፊቱ ሹካ ስፕሪንግ ያለው ቢሆን ብዙ ሰው ይወደዋል። አዲስና ጥሩ የሆነ እንደ ሆነ በድንጋያማ መንገድ እጅን ያሳርፋል፤ ያረጀና ርካሽ የሆነው ግን ክብደት ብቻ ነው፤ ውስጡም ተበልቶ መሪውን ያወላግዳል። ስፕሪንግ የሌለው ቀጥ ያለ የብረት ሹካ ይመረጣል። ተጣሞ የተቃና ሹካ ግን ምንም ቢረክስ አይወሰድ፤ እርሱ የተሰበረ ቀን ሰውየው በፊቱ ይወድቃልና።

ከአጽሙ ቀጥሎ መንኰራኵሩ ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። በአሮጌው የተራራ ብስክሌት ላይ የሚገኘው ባለ 26 ቍጥር ነው። ነገር ግን 26 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጐማ ሁሉ አንድ አይደለም። በሒሳብ ትምህርት 1.75 እና 1¾ አንድ ቍጥር ናቸው፤ በጐማ ትምህርት ግን የተለያዩ ናቸው። 26 በ1.75 ተብሎ በነጥብ የተጻፈው ጐማ የሚቀመጥበት ክብ ወርዱ 559 ሚሊሜትር ነው፤ 26 በ1¾ ተብሎ በክፍልፋይ የተጻፈው 571 ነው፤ 26 በ1⅜ የተባለው ደግሞ 590 ነው። አንዱ በሌላው ላይ ከቶ አይገጥምም። ስለዚህ ገዢው በጐማው ጐን ላይ በትንንሽ ቍጥር የተጻፈውን፣ እንደ 50-559 ያለውን፣ ፈልጎ ያንብብ፤ የመጀመሪያው የጐማው ስፋት ነው፤ ሁለተኛው የሚቀመጥበት ክብ ወርድ ነው። ከጊዜ በኋላ የመጡት 27.5 (584) እና 29 (622) የተባሉት መንኰራኵሮች በትልቅነታቸው ይመሰገናሉ፤ ይሁን እንጂ ለ26 በተሠራ አጽም ላይ እነርሱን ለመግጠም መድከም ከንቱ ነው፤ ፍሬኑም ከቸርኬው ጋር አይገናኝም።

ቸርኬው ራሱ፣ ማለት ጐማው የሚቀመጥበት ክብ፣ የአሉሚኒዮም ይሁን። የብረት ቸርኬ በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ የፍሬኑ ጐማ ይንሸራተትበታል፤ ይህም በክረምት ቍልቍለት የሚያስከትለውን ለመናገር አያስፈልግም። የቸርኬው ጐን በፍሬን ተበልቶ እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ የጐደጐደ ከሆነም ይጣል፤ አየር ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላልና። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እያያዙ ጨመቅ ማድረግ፣ የላላውን መለየት፣ መንኰራኵሩንም አንሥቶ ማዞርና መወላገዱን ማየት ይገባል። ወደ በለሳ አቅጣጫ በሚወርደው ቈላ የግራር እሾኽ ስለሚበዛ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትርፍ ካላማዳሪና ፖምፓ ሳይዙ መሄድ አይገባም።

የመንኰራኵሩ ማእከል ሲፈታ ውስጡ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች እንዳይበተኑ ከሥር ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ። ብዙ ጊዜ ከፊት በየጐኑ ዐሥር፣ ከኋላ በየጐኑ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ የኋሎቹ ከፊቶቹ ይተልቃሉ። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው። ኳሶቹ ርካሽ ስለ ሆኑ የደበዘዙትን መተካት ይሻላል፤ የሚሽከረከሩበት ጽዋ መሰል ቦታ ተቦርቡሮ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ማእከሉ ሞቷል።

ስለ ሰንሰለት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ማስመሪያ ይናገራል። ሃያ አራት ተከታታይ ቍርጥራጭ ከካስማ እስከ ካስማ ሲለካ አዲሱ 30 ሳንቲም ከ5 ሚሊሜትር ያህል ነው። በአንድ ሚሊሜትር ተኩል የረዘመ እንደ ሆነ ይለወጥ፤ በሦስት ሚሊሜትር የረዘመ እንደ ሆነ የኋላውን ጥርስ አብሮ በልቶታልና ሁለቱም ይለወጡ። ፔዳል በሚገጠምበት ጊዜ የግራው ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑ አይረሳ፤ ሁለቱም ፔዳሎች መፍቻው ወደ ብስክሌቱ ፊት ሲዞር ይጠብቃሉ፤ ወደ ኋላ ሲዞር ይፈታሉ። ይህን የማያውቅ ጕልበተኛ ስንት መልካም ብረት አበላሽቷል!

አሁን ወደ ፍሬን እንመለስ። መንኰራኵር በተራራ አገር የሚያስጨንቀው ሲወጣ ብቻ እንዳልሆነ የደብረ ታቦር ሰው ከአባቶቹ ያውቃል። ከከተማዋ አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወሰድ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጀባቸው፤ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን ማውረዱም ታላቅ መከራ ነበር። ብስክሌትም ሚዛኑ ትንሽ ይሁን እንጂ ሕጉ ያው ነው።

በአሮጌ የተራራ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የሚገኙት ፍሬኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አጫጭር ክንዶች ያሉትና ከላይ በመስቀለኛ ሽቦ የሚጐተተው ነው፤ ሁለተኛው ረዣዥም ቀጥ ያሉ ክንዶች ያሉትና ሽቦው ከጐን ወደ ጐን የሚያልፍበት ነው። ሁለቱም ያቆማሉ። ችግሩ የሚመጣው የአንዱ የእጅ መጨበጫ ለሌላው ሲገጠም ነው። ረዥሙ ክንድ ብዙ ሽቦ እንዲሳብለት ይፈልጋል፤ የአጭሩ መጨበጫ ግን ጥቂት ብቻ ይስባል፤ ስለዚህ መጨበጫው ከመሪው ጋር እስኪጋጠም ቢጨበጥ እንኳ መንኰራኵሩ አይያዝም። በሜዳ ሲሞክሩት የሚይዝ ይመስላል፤ ዳገቱ ላይ ስንቅ ተጭኖ ሲወርዱ ግን ይከዳል። ስለዚህ መጨበጫውና ክንዱ ከአንድ ብስክሌት የወጡ ይሁኑ።

የፍሬን ሽቦ አሮጌ አይገዛ፤ የፍሬኑም ጐማ እንዲሁ። በዚህ ላይ የሚቈጥብ ሰው ቍጠባውን በሐኪም ቤት ይከፍላል። ሽቦው የሚያልፍበትም ልባስ ሁለት ዓይነት ነው፤ የማርሹ ልባስ ውስጡ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ የፍሬኑ ልባስ ግን እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ብረት ነው። የማርሹን ልባስ ለፍሬን ያደረገ ሰው፣ አጥብቆ በጨበጠበት በዚያች ሰዓት ልባሱ ሊተረተርበት ይችላል። የፍሬኑ ጐማ ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ከፍ ብሎ የመንኰራኵሩን ጐማ ቢነካ ይቀደዋል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ ወደ ሽቦዎቹ ይገባል።

የትኛው ሥራ ለቀጥቃጭ፣ የትኛው ለገበያ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ዕቃ መጫኛውን፣ መቆሚያ እግሩንና የጭቃ መከላከያውን ማሰሪያ የሰፈሩ ብረት ሠሪ ከገበያው ይልቅ አጽንቶ ይሠራዋል፤ ከሕንጻ የተረፈ ቀጭን የፌሮ ብረት ይበቃዋል። ሹካና የመሪ ዘንግ ግን ለእሳት አይሰጡ። በአንዳንድ ሰፈር አሁንም ብረት ሠሪን በክፉ ስም የሚጠራ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ዐዋጅ ያልሰማ ሰው ዛሬ ሊኖር አይገባም። መፍቻ ይዞ እጁ በግራሶ የጠቈረ ተማሪም ከትምህርቱ የተዘናጋ ተደርጎ አይቈጠር፤ የክፍልፋይን ሒሳብ በእጁ እየተማረ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን፦ አስቀድሞ ሹካው ከመሪው ኳሶች ጋር ይግባ፤ ቀጥሎ የፔዳሉ ማእከል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ተገላቢጦሽ ጥርስ አለው። ከዚያ መንኰራኵሮቹ፤ የኋላው ማሰሪያ ስፋት በተራራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት 130 ወይም 126 ይሆናሉ። የብረት አጽም በጥንቃቄ ጥቂት ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፤ አሉሚኒዮም ግን አይሞከር። ከዚያ ፍሬን፤ ሰንሰለትና ማርሽ ከፍሬን በኋላ ይግቡ። ይህ ቅደም ተከተል ለሥራው የግድ አይደለም፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ አስቀድሞ የገባለት ልጅ ፍሬኑን ሳይጠብቅ መጋለቡ የታወቀ ነው።

ብስክሌቱ ተገጣጥሞ ባለቀ ጊዜ መምህሩ አይቀመጥበት። አጠገቡ ቆሞ የፊቱን ፍሬን ጨብጦ ወደ ፊት ይግፋው፤ የኋላው መንኰራኵር ከመሬት ቢነሣና የፊቱ ባይዞር መልካም ነው። ቀጥሎ የኋላውን ጨብጦ ይግፋው፤ መንኰራኵሩ ሳይዞር መሬት እየፋቀ ቢጐተት መልካም ነው። ከዚያ በሜዳ፣ ከዚያ በትንሽ ተዳፋት፣ ከዚያም የሚጭነውን ያህል እህል በጆንያ ከኋላ አስሮ በዚያው ተዳፋት ይሞክረው። በጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ መያዝ መንኰራኵሩን ያንሸራትታልና ሁለቱን አስማምቶ መያዝን ይልመድ። ከአንድ ሳምንት በኋላ አዲሱ ሽቦ ስለሚረግብ እንደ ገና ይጥበቅ፤ ቡሎንና ዳዶውም ሁሉ እንዲሁ።

በመጨረሻም መምህሩ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የብስክሌቱን ልክ ይጻፍ፤ የጐማውን 559፣ የኋላውን ማሰሪያ 135፣ የኮርቻውን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ የተገኘውን፣ የኋላውን ጥርስ ብዛት፣ የፍሬኑንም ዓይነት። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወርድ ጎረቤት ሲገኝ ያን ወረቀት ገልብጦ ይስጠው፤ ጎረቤቱም ብስክሌቱን ሳያይ የሚገጥመውን ዕቃ ይዞለት ይመለሳል።